ስቶርሚ ጆንስ፦ በስድስት ዓመቷ የልብ ደም ስሯ የተዘጋባት ልጅ

ስቶርሚ ጆንስ የተወለደችው በ1977 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ቆዳዋ ላይ እብጠቶች ወጡባት። ላዩን ለሚያይ ተራ የቆዳ ችግር ይመስላል። እብጠቶቹ ግን ኮሌስትሮል ነበሩ። ደሟ ውስጥ የተትረፈረፈው ስብ መሄጃ አጥቶ ቆዳዋ ስር መከማቸት ጀምሮ ነበር።

ደሟ ሲመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮሏ በዴሲሊትር ከ1000 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። እኛ እጅ ላይ በሚደርሰው የላብራቶሪ ወረቀት ቁጥሩ ከ200 ካለፈ ነው «ከፍ ብሏል» የሚባለው። 260 ወይም 280 የወጣለት ሰው ደንግጦ በዚያው ሳምንት ጥብስ ያቆማል። የዚህች ልጅ የዚያን አራት እጥፍ ገደማ ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላት ሃርት አታክ ይዟት ያውቅ ነበር። ሁለት ጊዜም የባይፓስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ባይፓስ ማለት የተዘጋውን የልብ ደም ስር ትቶ ለደሙ በጎን ሌላ መንገድ መቀጠል ነው። ለአባትና ለአያት የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሷ ገና የወተት ጥርሷን አልጨረሰችም።

ተጠርጣሪው አንድ ብቻ ነው

ስለ ኮሌስትሮልና ስለ ልብ ለመጻፍ ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ልቡን የታመመ የ58 ዓመት ጎልማሳ ብትወስዱ ተጠርጣሪው ብዙ ነው። ሲጋራ ያጨስ ነበር። ግፊት አለበት። ስኳሩም ከፍ ብሏል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። ኮሌስትሮሉም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ታዲያ የልቡን ደም ስር ያጠበበው የትኛው ነው? ሁሉም የየድርሻውን አዋጥቷል፤ የእያንዳንዱን ድርሻ መለየት ግን ያስቸግራል። ክርክሩ የማያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

የስድስት ዓመት ልጅ ግን አታጨስም። ሃያ ዓመት የቆየ ግፊት ሊኖርባት አይችልም። እርጅና አልነካትም። የቢሮ ጭንቀት የለባትም። የቀረው ተጠርጣሪ ደሟ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ብቻ ነው።

ደም ስሩ ውስጥ የሚሆነውን ጠጋ ብለን እንየው። ብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ያለው ሥዕል የማእድ ቤት ቱቦ ነው። ቅባት ሲፈስበት ሲፈስበት ውስጡ ይጋገርና ይደፈናል፤ ደም ስርም እንዲሁ ይመስለናል። ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። ስቡ የሚጠራቀመው ደሙ በሚሄድበት ቀዳዳ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ነው። እርጥበት የገባው የቤት ግድግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ከውስጥ ይሰርግና ልስኑን ይነፋዋል። ቀለሙ ለጊዜው ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ግን ይሰነጠቅና ይረግፋል። ከቱቦው ይልቅ ለዚህ ይቀርባል።

ኮሌስትሮል ስብ ስለሆነ ደም ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው። ኤልዲኤል የሚባለው፣ በተለምዶ «መጥፎው ኮሌስትሮል» የምንለው፣ ከእነዚህ ጥቅሎች አንዱ ነው። ጥቅሉ በጣም ትንሽ በመሆኑ የደም ስሩን የውስጥ ሽፋን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል፤ ጥቂቱ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ደም ውስጥ የሚዞረው በበዛ ቁጥር የሚቀረውም ይበዛል። ሰውነት የቀረውን እንደ ባዕድ ስለሚያየው ቆሻሻ ለቃሚ ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል። እነሱም ስቡን ይውጡታል፣ ይውጡታል፣ በመጨረሻ ራሳቸው በስብ ይሞላሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረፋ ይመስላሉ። እዚያው ይሞቱና ክምሩ ላይ ይጨመራሉ። በላዩ የጠባሳ ዓይነት ሽፋን ይሠራበታል። ፕላክ የሚባለው ይህ ነው።

ሽፋኑ ጠንካራ ከሆነ ፕላኩ ዝም ብሎ ዓመታት ይቆያል። ሲከፋም ዳገት ስንወጣ ደረታችንን ያፍነናል። ሽፋኑ ስስ ከሆነ ግን ይቀደዳል። ደም ከውስጡ ካለው ስብ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፣ የረጋው ደም በደቂቃዎች ውስጥ መንገዱን ይዘጋል። ሃርት አታክ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ወድቆ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

እንግዳ የሚቀበል የሌለው ጉበት

የስቶርሚ ኮሌስትሮል ለምን እንዲህ ሰማይ ነካ? አመጋገቧ ነው እንዳትሉ። የስድስት ዓመት ልጅ የቱንም ያህል ቅቤና እንቁላል ብትበላ 1000 አትደርስም።

በሽታው የዘር ነው። ቤይሩት ይሠሩ የነበሩት ሐኪም አቬዲስ ካቻዱሪያን በ1964 የሊባኖስ ቤተሰቦችን አጥንተው አንድ ግልጽ ነገር አሳይተዋል። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ኮሌስትሮሉ ጤናማ ነው። ሌላው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሦስተኛው አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛው የተበላሸውን ዘር (ጂን) ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከእናትም ከአባትም ወርሶታል።

የተበላሸው ነገር ምን እንደሆነ ያገኙት እዚያው ቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማእከል ውስጥ የሚሠሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። ከጤነኛ ሰውና ከበሽተኛ ትንሽ ትንሽ ቆዳ ወስደው ሴሎቹን በብርጭቆ ሳህን አሳደጉ። የጤነኛው ሴል ኤልዲኤሉን እየያዘ ወደ ውስጥ ያስገባል። የበሽተኛው ሴል ደጁ ላይ ኤልዲኤል እየተንሳፈፈ ዝም ይላል። የሚይዝበት እጅ የለውም። ይህ እጅ የኤልዲኤል ተቀባይ ይባላል፤ እንግዳ ተቀባይ እንደምንለው ማለት ነው። ተቀባዮቹ በብዛት ያሉት ጉበት ላይ ነው። ጉበት ከደም ውስጥ ኤልዲኤል እየለቀመ፣ ሐሞት እያደረገ ያስወግደዋል። እንግዳ የሚቀበል ከሌለ ግን ኤልዲኤሉ ደም ውስጥ ሲዞር ይከርማል። ሲዞር ደግሞ በየደም ስሩ ግድግዳ መግባቱ አይቀርም።

የስቶርሚ ሴሎችም በዚሁ ዘዴ ተመርምረዋል። ውጤቱ ይገርማል። ከእናቷ የወረሰችው ዘር ጭራሽ ተቀባይ አይሠራም። ከአባቷ የወረሰችው ተቀባዩን መሥራት ይጀምራል፤ የተጀመረው ነገር ግን ሴሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል እንጂ ወደ ላይ ወጥቶ ሥራ አይጀምርም። ሁለቱ ብልሽቶች ይለያያሉ፤ ለልጅቷ ግን ውጤታቸው አንድ ነው።

የካቲት 6 ቀን 1976

በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። በእነሱ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1984፣ የፍቅረኞች ቀን በሚባለው ዕለት።

ሐኪሞቹ ፊት የነበረው ችግር እንዲህ ነበር። ልቧ ደክሟል፤ ሌላ ልብ ያስፈልጋታል። አዲስ ልብ ብቻ ቢገባላት ግን ያው 1000 ኮሌስትሮል አዲሱን ልብም ይጨርሰዋል። ጉበቷን ብቻ ይቀይሩ እንዳይባል፣ ልቧ ያን የሚያህል ቀዶ ሕክምና አይችልም። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ግድ ሆነ። በወቅቱ ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም።

ፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የጉበቱን ሥራ ቶማስ ስታርዝል፣ የልቡን ደግሞ ሄንሪ ባንሰን መሩት። ልቡም ጉበቱም የመጡት ሕይወቱ ካለፈ ከአንድ ሌላ ሕፃን ነው። ስታርዝል የጉበት ንቅለ ተከላን ለዓለም ያስተማሩ ሰው ናቸው። ይህን በሽታም ያውቁት ነበር። በ1973 ያው ሕመም ላለባት ሌላ ልጅ ወደ ጉበት የሚገባውን ደም በቀዶ ሕክምና አቅጣጫ አስቀይረው ኮሌስትሮሏን ዝቅ ለማድረግ ሠርተዋል። በዚያ ላይ ሳይክሎስፖሪን የሚባለው፣ ሰውነት የተተከለለትን አካል እንዳይጥለው የሚያደርገው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1983 መጨረሻ ነበር። ስቶርሚ ከጥቂት ዓመታት በፊት ብትደርስ ኖሮ ቀዶ ሕክምናውን ማሰብ እንኳን ይከብድ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ሁሉም ሰው ሲጠብቅ የነበረው ግን የደም ምርመራውን ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሳምንታት ጠቅላላ ኮሌስትሮሏ ከ1000 በላይ ከነበረበት ወደ 270 ወረደ። ኤልዲኤሏ ለብቻው ሲለካ ከ988 ወደ 184 ሆነ፤ 81 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ምልክት የተደረገበት ኤልዲኤል በደም ስሯ ሰጥተው ከደሟ በምን ፍጥነት እንደሚጠፋ ለኩ። ፍጥነቱ ከበፊቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ አገኙት። ልጅቷ ያችው ልጅ ናት። የቀሩት የሰውነቷ ሴሎች አሁንም ተቀባይ የላቸውም። የተቀየረው ጉበቱ ነው። በደም ውስጥ ስንት ኮሌስትሮል እንደሚዞር በዋነኛነት የሚወስነው ጉበት መሆኑን ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ ሰው አላውቅም። ቆዳዋ ላይ የነበሩት እብጠቶችም ከጊዜ በኋላ ጠፉ።

ብራውንና ጎልድስታይን በቀጣዩ ዓመት፣ በ1985፣ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። 184 ለእሷ ተአምር ቢሆንም አሁንም ከፍ ያለ ነው። ሐኪሞቹ ሎቫስታቲን ሰጧት። ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ያኔ ገና ሙከራ ላይ ነበር፣ ገበያ የወጣው በ1987 ነው። ስታቲን ጉበት የራሱን ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ያግደዋል። ጉበቱ ሲያጥረው ከደም ለመልቀም ብዙ ተቀባይ ያወጣል። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ በዋነኛነት የሚሠራው በተቀባዩ በኩል ነው። ተቀባይ መሥራት ለማይችል ጉበት ብትሰጡት ብዙም አይፈይድም። ስቶርሚ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብትወስደው ኖሮ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም ነበር። በአዲሱ ጉበት ላይ ግን ሠራ፤ ኮሌስትሮሏ ወደ ጤናማው ልክ ወረደ። ዛሬ ሚሊዮኖች ማታ ማታ የሚውጡት ክኒን እንዴት እንደሚሠራ በአንዲት ልጅ ላይ በገሃድ ታየ።

ስቶርሚ ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ኖረች። ትምህርት ቤት ገባች። በ1990 መጀመሪያ ጉበቷ በሄፓታይተስ ተጎድቶ ሁለተኛ ንቅለ ተከላ ተደረገላት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 11 ቀን በ13 ዓመቷ አረፈች። ሰውነቷ የተተከለላትን ልብ አልቀበልም ብሎ ነው። ያን ጊዜ የገደላት ኮሌስትሮሉ እንዳልሆነ መጥቀስ አለብኝ፤ አንዳንዱ ሲያወራ ያምታታዋል።

«አያቴ እኮ በቅቤ ነው ዘጠና የደረሱት»

ስለዚህ ነገር በተወራ ቁጥር አንድ ሰው ይህን ሳይል አይቀርም። ክትፎ ቤት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው ይለዋል። ውሸት አይደለም፤ እንዲህ ያሉ አያቶች አሉ። በ1991 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም የጻፈው ታሪክ አለ። የ88 ዓመት አዛውንት ናቸው። ለዓመታት በቀን 25 ያህል እንቁላል ይበላሉ። በቀን! ኮሌስትሮላቸው ሲለካ ጤናማ ነው። ሲመረመሩ አንጀታቸው ከሚበሉት ኮሌስትሮል የሚወስደው 18 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የገባውንም ጉበታቸው በብዛት ሐሞት አድርጎ ያወጣዋል።

አዛውንቱንና ስቶርሚን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሳህኑ ካየን አዛውንቱ ነበሩ ቀድመው መታመም የነበረባቸው። ለደም ስር ግን ሳህኑ ላይ ያለው ሳይሆን ደም ውስጥ የሚዞረው ነው ቁም ነገሩ። ምግብ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ በተለይ ቅቤና ጮማ ለብዙ ሰው ኤልዲኤልን ይጨምራሉ። ስንት እንደሚጨምሩ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ «ጾመኛ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚለውም፣ «አያቴን አይተሃል?» የሚለውም ሳይመረመር ነው የሚያወራው።

የስቶርሚ ጉዳይ ሁሉንም ጥያቄ አይመልስም። እሷ ጫፍ ላይ ያለች ናት። ተራው ሰው ሲጋራውም፣ ግፊቱም፣ ስኳሩም ተጨምረውበት ነው የሚታመመው። ኮሌስትሮሉ ጤናማ ነው የተባለ ሰው ሃርት አታክ ሲይዘው እናያለን፤ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። «ጤናማ» የተባለው ቁጥርም ቢሆን ለሃምሳ ዓመት ሲዞር ግድግዳው ውስጥ ጥቂት ጥቂት ማስቀረቱ አይቀርም።

ለራሴ አንድ ሻካራ ስሌት ሠርቻለሁ። ሕክምና አይደለም፣ የጀርባ ወረቀት ሒሳብ ነው። የስቶርሚን 988 በስድስት ዓመት ብናባዛው 6000 ገደማ ይመጣል። ኤልዲኤሉ 130 የሆነ ሰው እዚህ ድምር ላይ ለመድረስ 46 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። 190 የሆነ በ31 ዓመቱ ይደርሳል። 60 የሆነው መቶ ዓመት ያስፈልገዋል። ሕይወት እንዲህ ቀጥ ያለች አይደለችም። ቢሆንም ሐኪሞች በሠላሳ ዓመት ወጣት ላይ ያዩትን 190 ለምን እንደማይንቁት ስሌቱ ይነግረኛል። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ የቆየበት ዘመንም ይቆጠራል።

ተቃራኒውም ታይቷል። ከዚያው ከዳላሱ የሕክምና ማእከል በ2006 የወጣ ጥናት ፒሲኤስኬ9 የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘር የተበላሸባቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ተመልክቷል። ይህ ፕሮቲን ተቀባዮቹን የሚያፈርስ ነው። እሱ ሲያንስ ጉበት ላይ ያሉት ተቀባዮች ይበዛሉ። የእነዚህ ሰዎች ኤልዲኤል ከሌላው በ28 በመቶ ያነሰ ነበር። የልብ ደም ስር ሕመማቸው ግን ያነሰው በ88 በመቶ ነው። ቁጥሩን ያወረደላቸው መድኃኒት አይደለም። ከልደታቸው ጀምሮ ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ በቃ።

ዛሬ እንደ ስቶርሚ ያለች ልጅ ብትወለድ የመጀመሪያው ሐሳብ ልብና ጉበት መቀየር አይሆንም። ደምን በማሽን አሳልፎ ኤልዲኤሉን የሚያጣራ ሕክምና አለ፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይደረጋል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በተቀባዩ ላይ ሳይመካ ኤልዲኤልን በግማሽ ገደማ የሚቀንስ ኢቪናኩማብ የሚባል በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እኛ ዘንድ መድረሱ ቀርቶ በሀብታም አገርም ሁሉም አያገኘውም።

ከሁለት ወላጅ መውረስ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከ300,000 ሰው አንድ ገደማ ይገመታል። ከአንድ ወላጅ የወረሰው ግን ከ250 ሰው አንድ ያህል ነው። የስቶርሚ እናትና አባት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የተበላሸ ዘር ነበራቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቆዳው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። አንዳንዱ ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት ይወፍራል። አንዳንዱ ገና በወጣትነቱ የዓይኑን ጥቁር ክፍል ዳር የሚከብ ነጣ ያለ ቀለበት ይታይበታል። ኤልዲኤሉ ሲለካ 190ና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ለእነዚህ ሰዎች ደግሞ ተራው ርካሹ ስታቲን ጥሩ አድርጎ ይሠራል።

ሐኪሙ ይህን ሲጠረጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ምግብ አይደለም። ከቤተሰብ በልጅነት ወይም በጎልማሳነት፣ ወንድ ከ55 በፊት፣ ሴት ከ65 በፊት፣ በልብ ሕመም የሞተ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በየቤታችን «ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት አልነሳም» የምንለው አንድ አጎት አይጠፋም። የእሱ ልጆች ኮሌስትሮላቸውን ተለክተው ያውቃሉ?